በሶሻል ወርክ ማስተርስ ሁለት ዓመት ውስጥ የትኛው መድረክ ምን ያስተምራል?

ለሶሻል ወርክ የማስተርስ ተማሪ ያለ ምንም ክፍያ የሚገኘው ትልቁ ትምህርት የሌሎች ተማሪዎች ዲፌንስ ነው፤ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን (ቴሲሳቸውን) በፈታኞች ፊት አቅርበው ሲከላከሉ ማየት። ብዙ ተማሪ ግን አንድም ሳያይ የራሱ ቀን ይደርስበታል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ዲፌንስ አብዛኛውን ጊዜ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ይካሄዳል። መርሐ ግብሩ በትምህርት ክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም በቴሌግራም ግሩፑ ላይ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ይለጠፋል፤ ለተማሪም ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳላችሁ ቢያንስ ሦስት ግቡ፦ አንዱ ኳሊቴቲቭ (በቃለ መጠይቅና በመሳሰለው የተሠራ)፣ አንዱ ኳንቲቴቲቭ (በቁጥር የተሠራ)፣ አንዱ ደግሞ እናንተ በምታስቡት ርዕስ አካባቢ ያለ ይሁን።

ደብተር ይዛችሁ ስትገቡ አቅራቢው የሚለውን አትጻፉ። እሱ ቴሲሱ ውስጥ አለ፣ በኋላ ይነበባል። የትም ተጽፎ የማይገኘው የፈታኞቹ ጥያቄ ነው። ሦስት ዲፌንስ ካያችሁ በኋላ ጥያቄዎቹ እንደሚደጋገሙ ታያላችሁ። «ለምን 12 ሰው? ለምን 20 አልሆነም?» «ተሳታፊዎቹን የመረጠልህ ድርጅቱ ከሆነ ቅር ያላቸውን ሰዎች እንዴት አገኘህ?» «ቃለ መጠይቁን በአማርኛ አድርገሽ በእንግሊዝኛ ነው የጻፍሽው፤ ትርጉሙን ማን አየው?» ከሁሉ በላይ ግን ተማሪውን ላብ በላብ የምታደርገው ይህች ናት፦ «ይሄ ጥሩ የሶሺዮሎጂ ጥናት ነው። የሶሻል ወርክ ኢምፕሊኬሽኑ የታለ?»

ጥያቄዋ የምትመጣው የመጨረሻው ምዕራፍ በመጨረሻው ሳምንት ስለሚጻፍ ነው። «የሚመለከተው አካል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል» ብሎ መዝጋት መልስ አይደለም። ፈታኞቹ መስማት የሚፈልጉት ነገ ጠዋት ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ የሚቀመጥ አንድ ሶሻል ወርከር ግኝቱን ይዞ ምን እንደሚቀይር ነው፦ ከተገልጋዩ ጋር ባለው ሥራ፣ በድርጅቱ አሠራር፣ በፖሊሲ፣ በትምህርቱም ጭምር። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ተጨባጭ ዓረፍተ ነገር ፕሮፖዛሉ (የጥናት ዕቅዱ) ላይ ገና ካሰባችሁ ሰኔ ላይ አትደናገጡም።

ሁለተኛው ትልቅ መድረክ ፊልድ፣ ማለትም አንድ ተቋም ገብቶ የሚሠራው የተግባር ልምምድ ነው። ብዙ ሰው ፊልድን እንደ ግዴታ ያየዋል፤ ሰዓት ሞልቶ ፎርም አስፈርሞ መውጣት። ፊልድ የሚበላሸው ግን ገና ሳይጀመር በደብዳቤው ነው። ከትምህርት ክፍሉ የሚወጣው የትብብር ደብዳቤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ከሆነ ብዙ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤቱ ላይ ይመልሰዋል፣ ወይም ተቀብሎ ለማን እንደሚመራው አያውቅም። የተቋሙ ሙሉ ስም፣ የምትሄዱበት የሥራ ክፍል፣ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ፣ ስማችሁና የመታወቂያ ቁጥራችሁ፣ የትምህርት ክፍሉ የፊልድ አስተባባሪ ስልክ፣ የደብዳቤው ቁጥርና ማኅተም ይኑርበት። ደብዳቤውን ለጸሐፊ በእጅ ሰጥታችሁ አትመለሱ። መዝገብ ቤት አስገቡ፣ የገቢ ቁጥሩን ኮፒያችሁ ላይ አስጽፉ። ሳምንት ቆይታችሁ ስትመለሱ «ደብዳቤ አልደረሰንም» ከተባላችሁ የሚያድናችሁ ያቺ ቁጥር ናት።

ከገባችሁ በኋላ በሳምንት አንድ ሰዓት ሱፐርቪዥን፣ ማለትም ሥራችሁን ከሚከታተለው ባለሙያ ጋር የምትወያዩበት ጊዜ ጠይቁ፤ ሰዓቱም የተቆረጠ ይሁን። «ጊዜ ስናገኝ እናወራለን» ከተባለ ጊዜው አይገኝም። ባዶ እጃችሁንም አትግቡ፤ አንድ ያስቸገራችሁ ኬዝ፣ አንድ ያልገባችሁ አሠራርና አንድ ፕሮሰስ ሪኮርዲንግ ይዛችሁ ግቡ። ፕሮሰስ ሪኮርዲንግ ማለት ከተገልጋይ ጋር የተደረገ ንግግር ከትዝታ ቃል በቃል ተጽፎ በአራት ዓምድ የሚቀመጥበት ወረቀት ነው፦ የተባለው፣ እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝ፣ የተጠቀምኩት ስልት፣ የሱፐርቫይዘር አስተያየት። የ10 ደቂቃ ንግግር ይበቃል። ሙሉውን የአንድ ሰዓት ውይይት ለመጻፍ የሚሞክር ሁለተኛውን ሳምንት አይደግመውም። በዚያው ቀን ካልተጻፈ ደግሞ የሚጻፈው የተባለው ሳይሆን መባል የነበረበት ይሆናል።

በአማርኛ ፕሮሰስ ሪኮርዲንግ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ስህተት አንድ ቃል ናት፦ አይዞሽ። ለምሳሌ እናቲቱ «ልጄ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ ተኛ» ትላለች። ተማሪው ቀጠል አድርጎ «አይዞሽ፣ ሁሉም ይስተካከላል» ይላል። እናቲቱ «እግዜር ይስጥህ» ብላ ዝም። ንግግሩ እዚያ ላይ ያልቃል። በአራተኛው ዓምድ ሱፐርቫይዘሩ ቀይ እስክሪብቶ አንስቶ «መስተካከሉን በምን አወቅህ?» ብሎ ይጽፋል። አይዞሽ በባህላችን ክፉ ቃል አይደለም፤ ለቅሶ ቤትም ሆስፒታልም የምንለው ነው። ኢንተርቪው ውስጥ ግን በር ይዘጋል፤ ምክንያቱም ሰውየው የጀመረውን ሐዘን ከእጁ ነጥቆ ያስቀምጥበታል። በምትኩ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ወይም «ያን ጠዋት ምን ሆኖ ነበር?» ብሎ መጠየቅ፣ ወይም ዝም ብሎ አምስት ቆጥሮ መጠበቅ ይሻላል። አይዞሽን መጨረሻ ላይ፣ ሲሰነባበቱ፣ ማለት ይቻላል። ዕድሜያቸው የገፋ እናት ከሆኑ ደግሞ «አንቺ» ብሎ መጀመር ራሱ ሌላ ስህተት ነው፤ በእንግሊዝኛ የተማርነው የኢንተርቪው ቴክኒክ ስለ «እርስዎ» አይነግረንም።

ሆስፒታል ወይም የሕፃናት ተቋም የምትመደቡ ከሆነ የኬዝ ኮንፈረንስ ቀኑን ጠይቁ። ሐኪም፣ ነርስ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያና ሶሻል ወርከር በአንድ ሰው ጉዳይ ሲከራከሩ ማየት የትኛውም ክላስ አይተካውም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ ዝም ብላችሁ አዳምጡ፤ ሦስተኛው ላይ አንድ ኬዝ አቅርቡ። ስታቀርቡም ሆነ በኋላ ክላስ ውስጥ ስትጠቅሱ የተገልጋዩን ስም መደበቅ ብቻ አይበቃም። በትንሽ ከተማ «የጤና ጣቢያው ጥበቃ ሁለተኛ ልጅ» ማለት ስሙን ከመጥራት አይለይም። ቀበሌውን፣ የወላጅን ሥራ፣ የወንድም እህትን ቁጥር ለውጡ። ፋይል በስልክ ፎቶ ማንሳትማ ፈጽሞ አይታሰብም፤ ስልኩ ጠፍቶ ወይም ፎቶው በራሱ ጊዜ ኦንላይን ተቀምጦ ስንት ጉድ ሊመጣ ይችላል።

ወደ ዝግጅቶቹ እንምጣ። የዓለም የሶሻል ወርክ ቀን በየዓመቱ በማርች ወር ሦስተኛው ማክሰኞ ይውላል፤ በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ ከመጋቢት 6 እስከ 12 ባለው ውስጥ ነው። የ2018ቱ መጋቢት 8 ነው። ነገር ግን የሶሻል ወርክ ተማሪ የሚጠቅመው ይህ ቀን ብቻ አይደለም። የአረጋውያን ቀን መስከረም 21፣ የአእምሮ ጤና ቀን መስከረም 30፣ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የመቃወሚያው 16 ቀን ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1፣ በመሐሉ የኤች አይ ቪ ቀን ኅዳር 22 እና የአካል ጉዳተኞች ቀን ኅዳር 24፣ የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሰኔ 9፣ የስደተኞች ቀን ሰኔ 13። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ማግስት የመስከረም፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ቀኖቹ በአንድ ቀን ቀደም ብለው ይውላሉ፤ የሰኔዎቹ አይነኩም። በእነዚህ ቀኖች ዙሪያ ቢሮዎችና ድርጅቶች ጥናት ያስጠናሉ፣ ውይይት ያዘጋጃሉ፣ ሰውም ያጥራቸዋል።

ታዲያ በዕለቱ ቲሸርት ለብሶ ሰልፍ ከመውጣት ከስድስት ሳምንት በፊት ሄዶ ሥራ መጠየቅ ይበልጣል። ከሁሉም የሚሻለው ሥራ ራፖርተርነት፣ ማለትም የውይይቱን ማስታወሻ ይዞ ሪፖርት መጻፍ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ እስከ መጨረሻ የምትቀመጡት፣ የተናጋሪዎቹን ጽሑፍ ቀድማችሁ የምታገኙት፣ አዘጋጁም በስም የሚያስታውሳችሁ እናንተን ይሆናል። አሠራሩ ቀላል ነው። ገጹን በሦስት ክፈሉት፤ በግራ የተነሳው ሐሳብ፣ በመሐል ማን ምን እንዳለ፣ በቀኝ የተስማሙበት ወይም ሳይስማሙ የቀሩበት። ማታውኑ አንድ ገጽ አድርጋችሁ ላኩ። ብዙ ራፖርተር የሚወድቀው ሁሉንም ልጻፍ ብሎ በሦስተኛው ሳምንት 14 ገጽ ሲያመጣ ነው፤ ያን ጊዜ ሪፖርቱን አዘጋጁ ራሱ ጨርሶ ልኮታል።

አዲስ አበባ ላሉ ተማሪዎች የስድስት ኪሎ አካባቢ ብቻውን ብዙ ይሰጣል። የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት፣ ማለትም ኦስሬአ፣ ጽሕፈት ቤቱ እዚያው ግቢ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከነቤተ መጻሕፍቱ አለ። የማኅበራዊ ጥናት መድረክ ደግሞ ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ በድህነት፣ በማኅበራዊ ጥበቃ፣ በወጣቶችና በመሳሰሉት ላይ የሕዝብ ውይይት ሲያዘጋጅ ቆይቷል። የሶሺዮሎጂ፣ የሶሻል ወርክና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች በጋራ ያቋቋሙት ማኅበርም አለ፤ ኮንፈረንሱ ላይ ተማሪ ጽሑፍ ማቅረብ ለመጀመር ከውጭ አገሩ መድረክ በጣም ይሻላል፤ የሚተቹት ሰዎች የወረዳውን አሠራር ያውቁታልና።

እንዲህ ያለ ሴሚናር ላይ ጥያቄ መጠየቅ ራሱ ችሎታ ነው። እጅ ያወጣው ተማሪ «በመጀመሪያ አዘጋጆቹን ማመስገን እወዳለሁ» ብሎ ይጀምርና አራት ደቂቃ ስለ ራሱ ቴሲስ ያወራል፤ ሰብሳቢው ማይኩን ይቀበለዋል። 30 ሰከንድ ይበቃል፤ ስም፣ ከየት እንደመጣችሁ፣ የተናጋሪው አንድ የተወሰነ ነጥብ፣ አንድ ጥያቄ። «የወረዳ ማኅበራዊ ሠራተኞች ቤት ለቤት ይጎበኛሉ ብለዋል፤ በአንድ ሠራተኛ ስንት ቤተሰብ ነው የሚደርሰው?» ዓይነት ጥያቄ መልስ ያገኛል፤ «የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲው አፈጻጸም እንዴት ይታያል?» ዓይነቱ አያገኝም። በነገራችን ላይ ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲው በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ሳያነቡት ስለ እሱ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፣ ተናጋሪውም ወዲያው ያውቃቸዋል።

ቢሾፍቱና አዳማ ሆቴል ስለሚካሄዱት የሦስት ቀን ሥልጠናዎች ሳልደብቅ ልናገር። አበል አላቸው፣ ምሳ አላቸው፣ ሰርተፍኬት አላቸው። ተማሪ አበል ማግኘቱ ነውር የለውም፤ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ግን ሲቪ ላይ የተደረደሩ 17 ሰርተፍኬቶች ቀጣሪን አያታልሉም። ከመሄዳችሁ በፊት የሥልጠናውን ቲኦአር (ዓላማውንና አሰጣጡን የሚዘረዝረውን ሰነድ) ጠይቁ፤ ሮል ፕሌይ (ሚና ተጫውቶ መለማመድ) አለው ወይ? ሠልጣኙ ስንት ነው? ከ30 በላይ ከሆነ ልምምድ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ስላይድ ብቻ ነው። ኬዝ ማኔጅመንት፣ የሕፃናት ጥበቃና የፆታዊ ጥቃት ምላሽ ላይ የሚሰጥ፣ በተግባር የሚያለማምድ ሥልጠና ከሆነ ግን ክላስ ቀርታችሁም ቢሆን ሂዱበት።

በኦንላይን ያለው ብዙ ነው፣ ወጥመዱም ብዙ ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። የኒውዮርክ ጠዋት 10 ሰዓት በእነሱ ክረምት ለእኛ ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 11 ሰዓት ይሆናል። እንግሊዞች የሚቀይሩት በማርች የመጨረሻ እሑድ ስለሆነ በመሐል ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ሁሉም ይዘበራረቃል። የማመልከቻ ማብቂያ ላይ «በምድር የትም ቦታ» የሚል ሐረግ ካያችሁ ደግሞ ዕለቱ ለእኛ የሚያልቀው በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። እስከዚያች ደቂቃ መጠበቅ ግን መብራት ሲጠፋ ማየት ነው።

ከነጻዎቹ ኮርሶች ካያ እና ዲዛስተር ሬዲ የሚባሉትን አስቀድሙ፤ ለሰብአዊ ርዳታ ሠራተኛ የተዘጋጁ ናቸው፣ ሰርተፍኬታቸውን የአገራችን ድርጅቶች ያውቁታል። ኮርሴራ በሚባለው የኮርስ ድረ ገጽ ላይ ሙሉ ክፍያውን የማይችል ሰው የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻውን ይሙላ፤ መልሱ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚወስድ የሚፈልጉትን ኮርስ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት መምረጥ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ አንብቡ። ሦስት ቃል ነው፦ አስተውሉ፣ አዳምጡ፣ አገናኙ። ተፈናቃይ መጠለያ የሚመደብ ተማሪ ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር በመጀመሪያው ቀን የለም። የሕፃናት ጥበቃ ዝቅተኛ መመዘኛዎች የ2019 እትምም ፒዲኤፉ ስልክ ላይ ይቀመጥ፤ ፊልድ ላይ ኔትወርክ አይጠበቅም።

ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው አገልግሎት ለኢትዮጵያ ተቋማት ያለ ክፍያ በሺህ የሚቆጠሩ ጆርናሎችን ይከፍታል። የይለፍ ቃሉ ያለው በላይብረሪው ነው፤ ላይብረሪያኑን ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ ማንም አይነግራችሁም፣ እናንተም ሁለት ዓመት ሙሉ አብስትራክት (የጽሑፉን አጭር ማጠቃለያ) ብቻ ስታነቡ ትኖራላችሁ። ኦተር ኤድ ደግሞ የምርምር አጻጻፍ ኮርስ በነጻ ይሰጣል፤ ጽሑፋችሁን የሚያይ አማካሪም ያገናኛል። ከእነዚህ ጋር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች የኦንላይን ክምችት ውስጥ በርዕሳችሁ ላይ የተሠሩትን ፈልጉና መጀመሪያ የየቴሲሱን «ወደፊት ሊጠና የሚገባው» የሚለውን ክፍል አንብቡ። ብዙ ሰው ርዕስ ያጣው እዚያ ስላላየ ነው።

አሁን አብስትራክት። የትኛውም ኮንፈረንስ ላይ የሚያስገባችሁ ወይም የሚያስቀራችሁ ይህ ከ250 እስከ 300 ቃል ያለው ወረቀት ነው። አከፋፈሉ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ ለመነሻው ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ለዓላማው አንድ፣ ለዘዴው ሦስት፣ ለግኝቱ አራት ወይም አምስት፣ ለኢምፕሊኬሽኑ ሁለት። የእኛ ተማሪ ይህን ይገለብጠዋል፤ ስድስት ዓረፍተ ነገር ስለ ችግሩ ስፋት፣ ለግኝት አንድ። «የጎዳና ሕይወት በታዳጊ አገሮች አሳሳቢ ችግር ነው» ብሎ መጀመር ገምጋሚውን ያስተኛዋል፤ ያውቀዋል። «ከጎዳና ተነስተው ወደ ቤተሰብ የተመለሱ ልጆች በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ለምን ተመልሰው ይወጣሉ?» የሚል ጥያቄ ግን ያነቃዋል። ዘዴው ላይ የሰው ቁጥር፣ ቦታ፣ መረጃው የተሰበሰበበት ጊዜና የሥነ ምግባር ፈቃዱ ይጻፍ። ግኝቱ ላይ «ውጤቱ በጉባኤው ይቀርባል» ብሎ መጻፍ ማለት ገና አልሠራሁም ማለት ነው፤ ገምጋሚው እንዲህ ነው የሚያነበው። መረጃ ሰብስባችሁ ካልጨረሳችሁ ፖስተር (ሥራው በአንድ ትልቅ ወረቀት ተለጥፎ የሚቀርብበትን መንገድ) ጠይቁ፤ በሂደት ላይ ላለ ሥራ ፖስተር ይፈቀዳል።

ሌላ የሚረሳ ነገር፦ በኮንፈረንሱ የጽሑፍ ጥሪ ላይ የተዘረዘሩት ንዑስ ርዕሶች። አብስትራክቱን ከየትኛው ንዑስ ርዕስ ጋር እንደምታያይዙት መጀመሪያ ወስኑና ከንዑስ ርዕሱ ቃላት ሁለት ሦስቱን ጽሑፉ ውስጥ አስገቡ። ጥሩ ሥራ በተሳሳተ ክፍል ገብቶ ተመልሶ ያውቃል። ከአማካሪያችሁ ጋር የስም ቅደም ተከተሉን ከመላካችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ በኋላ መነጋገር ያጣላል።

ከዓለም አቀፎቹ መድረኮች ትልቁ ሦስት ትልልቅ ድርጅቶች በጋራ ሲያዘጋጁት የቆዩት ነው፦ የሶሻል ወርከሮች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች ዓለም አቀፍ ማኅበርና የማኅበራዊ ደኅንነት ዓለም አቀፍ ምክር ቤት። ከ2010 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ጀምሮ እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ በየሁለት ዓመቱ ተገናኝተዋል፤ አሁን ክላስ ውስጥ የምንሸመድደው ዓለም አቀፍ የሶሻል ወርክ ትርጉም የጸደቀው በ2014 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ነው። የአፍሪካ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቶች ማኅበርም የራሱ ጉባኤ አለው። አገራችን በዚህ ጉዳይ ባይተዋር አይደለችም፤ ትምህርቱ በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው፣ በደርግ ጊዜ ተዘግቶ በ2004 እ.ኤ.አ. በማስተርስ ደረጃ ሲከፈት የመሩት ዶክተር አብዬ ታሰ በዚያው ዓመት የዓለም አቀፉ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

ከእውነተኞቹ ጎን ሐሰተኞቹ በኢሜይል ይጎርፋሉ። አብስትራክት ልካችሁ በሁለት ቀን ውስጥ «ተቀብለናል» ካሉ፣ ገምጋሚ ኮሚቴው በስም ካልተጻፈ፣ በአንድ ሆቴል በአንድ ቀን ሶሻል ወርክ፣ ነርሲንግና ኢንጂነሪንግ የሚያስተናግዱ ከሆነ፣ ክፍያውን ከግምገማ በፊት ከጠየቁ ተዉት። ለቪዛ የሚሆን የግብዣ ደብዳቤ በተለየ ዋጋ እንሸጣለን የሚል ካለማ ኤምባሲው ያን ስም ከእናንተ በፊት ያውቀዋል።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ እውነተኞቹ ጉባኤዎች ብዙ ጊዜ በአገር የገቢ ደረጃ የተለያየ ዋጋ አላቸው፤ ከዚያ ላይ የተማሪ ቅናሽ አለ። የነጻ ዕድል ማመልከቻ ካለ የሚሞላው ከአብስትራክቱ ጋር ነው፤ «መጀመሪያ ይቀበሉኝና እጠይቃለሁ» ያለ ሰው ይዘገያል። ናይሮቢ ለሆነ ጉባኤ ኢትዮጵያዊ ቪዛ ስለማያስፈልገው ለመጀመሪያ ጉዞ ከዚያ የሚቀል የለም። ለሼንገን፣ ማለትም ለአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ደግሞ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፣ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል፤ ሰዉን የሚያስቀረው ግን ብዙ ጊዜ የቀጠሮ ወረፋው ነው። ቲኬት ቪዛ ሳይወጣ አትግዙ፤ የሚያስፈልገው ቡኪንግ (የበረራ ቦታ ማስያዣ) ነው።

ተቀባይነት ካገኛችሁ ዝግጅቱ ይቀጥላል። 15 ደቂቃ ከተሰጣችሁ አምስቱ የጥያቄ ነው፤ ስላይድ ከ10 አይበልጥ፣ ከእነሱም ለመነሻ ሁለት ብቻ። የተገልጋይ አባባል በአማርኛ ታስገቡ ከሆነ ፎንቱን ተጠንቀቁ። በቆየው፣ ዩኒኮድ ባልሆነው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ በአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣል፤ መድረክ ላይ ቆሞ «ይቅርታ፣ እዚህ ላይ በአማርኛ ነበር» ማለት ይመጣል። ኒያላ ወይም አቢሲኒካ በመሳሰለ የዩኒኮድ ፎንት ጻፉ፣ ከዚያም በፒዲኤፍ አስቀምጡ፤ በፍላሽም በኢሜይልም ይኑር። ፖስተር ከሆነ ኤ ዜሮ ማለት 841 በ1189 ሚሊ ሜትር ነው። ርዕሱ ከ85 ፖይንት ያላነሰ፣ ጽሑፉ ከ28 እስከ 32፣ ቃላቱ 500 አካባቢ። ማተሚያ ቤቱ በባነር ልሥራልሽ ቢል ይመረጣል፤ ተጠቅልሎ አይሰበርም፣ ዝናብም አይፈራም። ፋይሉን በፓወር ፖይንት ሰጥታችሁ ከሄዳችሁ ግን ፊደሉ ተበታትኖ ይጠብቃችኋል።

አሜሪካ ሆነው ለሚማሩ ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር። በእውቅና ሰጪው ምክር ቤት መመዘኛ የማስተርስ ፊልድ ቢያንስ 900 ሰዓት ነው። በኤፍ ዋን (በተማሪ) ቪዛ ያላችሁ ክፍያ ባይኖረውም ፊልድ ከመጀመራችሁ በፊት ሲፒቲ የሚባለውን በትምህርት ወቅት የመሥሪያ ፈቃድ ከዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ውሰዱ። በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ከሆነ ሙሉ ጊዜ ተብሎ ይቆጠራል፤ የሙሉ ጊዜው 12 ወር ከሞላ ከምረቃ በኋላ የሚገኘው የመሥሪያ ፈቃድ (ኦፒቲ) ይቀራል። የምርምር ዝንባሌ ያለው ደግሞ በየጃንዋሪው የሚካሄደውን የሶሻል ወርክና ምርምር ማኅበር ጉባኤ ልብ ይበል፤ አብስትራክቱ የሚገባው ከዚያ በፊት ባለው አፕሪል ነው፣ ማለትም ዘጠኝ ወር ቀድሞ።

ከየትኛውም መድረክ በኋላ ለአንድ ተናጋሪ በሁለት ቀን ውስጥ ጻፉ። አምስት መስመር ይበቃል፦ «እንደምን ሰነበቱ ዶክተር፤ ማክሰኞ ልጆችን ከቤተሰብ ጋር መልሶ ስለ ማገናኘት ባቀረቡበት ወቅት ስለ ክትትል ጉብኝት የጠየቅሁ ተማሪ ነኝ። የጠቀሱትን የክትትል ቅጽ የት ማግኘት እንደምችል ቢጠቁሙኝ ለፊልድ ሥራዬ ይጠቅመኛል። አመሰግናለሁ።» አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን፣ ሊመለስ የሚችል ይሁን። «አማካሪ ይሁኑልኝ» ወይም «ሥራ ካለ» በመጀመሪያው መልእክት አይነሳም። ሲቪም አታያይዙ፤ ከፈለጉት እሳቸው ይጠይቃሉ።